የመስታወቱ ሞራ

«ማዶ ነሽ ይሉኛል ጭጋጉ ሲጋርድ፣
እኔ ምን ቸገረኝ... ም-ም-ም... መንገድ።»

ዜማው ሙሉ ነው፤ ግጥሙ ግን መሃሉ ላይ ተበልቷል። ሹፌሩ ይህን ዘፈን የሰማው በጎረምሳነቱ፣ በረዳትነት ይሠራበት ከነበረው የጭነት መኪና ሬዲዮ ነው። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሬዲዮው ጸጥ ይል ነበርና ያቺ አንዲት ሐረግ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ቀረች። ይኸው ፀጉሩ ሸብቶም እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ያዜማል። የጎደለውን ቃል ልንገርህ የሚለው ሰው ቢመጣ እንኳ አይቀበልም። «ከራስህ ጨምረህበት ቢሆንስ?» ይላል፤ ከዚያም ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ ያየዋል።

በዓይን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ «ጠርጥሬ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት ይባላል፤ እሱ ግን ይህንንም አያምንም። «እንደምን አደርክ» ሲሉት «ምን ሰማችሁ?» የሚል ሰው ነው። ነዳጅ ሲያስቀዳ ዓይኑን ከቀጂው እጅ ላይ አይነቅልም። ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ግድግዳውንም ቢሆን አንዴ ዞር ብሎ ያየዋል።

ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሥራው የዓይን ሞራ የሚገፈፍላቸውን ሰዎች ጠዋት ከየሰፈሩ ለቅሞ ማምጣት፣ የተገፈፈላቸውን ደግሞ ፋሻቸው እንደታሰረ ወደየቤታቸው መመለስ ነው። ነጯ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላው የሚቀመጡት ግማሾቹ በአንድ ዓይን፣ ግማሾቹ በጭላንጭል የሚያዩ ናቸውና «የት ደረስን?» ይሉታል። እሱም ይነግራቸዋል። «ድልድዩን አለፍን። ዳቦ ቤቱ ጋ ወረፋው እስከ መንገድ ወጥቷል። አንዲት ልጅ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች፤ ዝናብ ግን የለም፤ ምን አስባ ይሆን?» እነሱም ይስቃሉ። መንገዱን የሚያየው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋን ለሞላው ሰው ሁሉ ነው።

ለዚህም ይሆናል የፊት መስታወት ነገር እንደዚያ የሚያንገበግበው። በረዳትነቱ ዘመን፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከፊታቸው የሚሄድ መኪና ጭቃ እየረጨ መስታወታቸውን ለበጠው። ዋናው ሹፌር ውሃ መርጫውን ተጫነ፤ ጠብ አላለም። ደግሞ ተጫነ፤ መጥረጊያዎቹ ደረቁን ጭቃ እያሹ የባሰ አጨለሙት። ያን ጊዜ ረዳቱ፣ እሱ ራሱ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ መኪናው እየተንደረደረ መስታወቱን በእጁ ጠረገ። ሲቆሙ አንዱ የፊት ጎማ ገደሉን አልፎ አየር ላይ ነበር። ከሞት የተረፈ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉ፤ ሳቁ፣ ተሳደቡ፣ ተቀመጡ። በመጨረሻ «ውሃውን ማን ጨረሰው?» ተባለ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አለ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ ጠርጥሬ ሰውን መጠርጠር የጀመረው ከዚያች ቁልቁለት ላይ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ኮፈኗን የሚከፍተው እንደ ሐኪም እጁን ታጥቦ ነው። መጀመሪያ በኮፈኗ ጠርዝ ላይ ያጣበቃትን ቀጭን ክር ያያል፤ ማታ የነካት ሰው ካለ ክሯ ትናገራለች። ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለችውን ነጭ የመስታወት ውሃ መያዣ ያያል። በሚስቱ ቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አስምሮባታል፤ ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ካለ ለምን ዝቅ እንዳለ ማወቅ አለበት። ክዳኑን አንስቶ ያሸታል። ውሃ ይሸተታል ወይ እያሉ የሚስቁበት አሉ። ይሸተታል እንጂ! ሰንብቶ አረንጓዴ ልጋግ የያዘ ውሃ የረሱት የአበባ ማስቀመጫ ይሸታል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ትቶ የመርጫዎቹን ቀዳዳ ይደፍናል። የዱቄት ሳሙና የጨመሩበት እንደሆነ ከሥር ይረጋና ፓምፗ ጋ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ያንቃታል። እሱ የሚሞላው ከክሊኒኩ ሻይ ክፍል የሚያመጣውን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘና በጨርቅ የተጠለለ ውሃ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ግርጌ ሽቅብ የሚያዩትን ሁለቱን መርጫዎች «ዓይኖቿ» ይላቸዋል። በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይኮረኩራቸዋል። ከዚያ ገብቶ ሲጫን ውሃው ሁለት ቅስት ሠርቶ ይነሳል፤ መጥረጊያዎቹም እንደ ሁለት እስክስታ ወራጆች አብረው ወዲህ፣ አብረው ወዲያ ይላሉ። ዓለም ከኋላቸው ታጥባ ትወጣለች። ያን ጊዜ ነው ዘፈኑን የሚጀምረው።

ችግሩ የመጣው ፀሐይ ፊት ለፊት በምትወጣበት የጠዋት መንገድ ላይ ነው። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ወተት ተበተነ። ጠርጥሬ ውሃ ረጨ፤ ጠረገ፤ ወተቱ ግን አልሄደም። ቆሞ ወርዶ በጨርቅ አሸ። ተመልሶ ገባ። ያው ነው። መስታወቷ ሞራ የለበሰች ይመስል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን «ዓይኔ ይሆን?» ይል ነበር። እሱ «ማን ነካት?» አለ።

የሚነካትም ሰው ነበረ። ከሰዓት በኋላ ሚኒባሷን የሚነዳው ሁለተኛው ሹፌር ነው። ሁልጊዜ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ስለሆነ «ሙሽራው» ይሉታል፤ ሚስት ግን ገና አላገባም። ጠርጥሬ በር ላይ ጠበቀው።

«ትናንት መኪናዋን ማን ጋ ትተሃት ሄድክ?»

«ጥበቃው ጋ ነዋ ጋሼ፤ ምነው?»

«ኮፈኗን ከፍተሃል?»

«እኔ? በዚህ ኮት? ያውቁኝ የለም እንዴ!»

ጠርጥሬ ደርቆ ቀረ። ልጁ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ «ታውቀኝ የለም እንዴ» ነበር የሚለው።

«ምን አልከኝ?»

«ያውቁኝ የለም ወይ አልኩ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔ አንቱ የሆንኩት?»

«ከእርጅናም ይሁን ከክብር፣ እርስዎ ይምረጡ» አለና ሙሽራው ሳቀ።

ጠርጥሬ አልሳቀም። ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነገሩን ለሚስቱ አቀረበ። ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ ሴት ናት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ነገር የምትጨርስ።

«ልጁ እርስዎ አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይበልህ? አንቺ?»

«ቀልዱን ተይው። መሪዬ ላይ ዓይኑን ጥሏል። ደግሞ ምርመራው እየደረሰ ነው።»

ምርመራው እንዲህ ነው። የክሊኒኩ ሹፌሮች በየዓመቱ ዓይናቸውን ይታያሉ፤ ያላለፈ ቁልፉን ያስረክባል። መለኪያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል፤ ተመርማሪው የሹካዋ ጣቶች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ጠርጥሬ በሩ አጠገብ ታካሚ ሲጠብቅ ዘመን ስላለፈው ሰሌዳውን ሳያስበው በቃሉ አጥንቶታል። «ሳያስበው» የሚለው የራሱ ቃል ነው። በዜማ ሳይቀር ይዞታል፤ ያቺ የጠፋችው ሐረግ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ «ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች» እያለ ይሞላባታል፤ ቤቱን ባይመታም ልኩን ይመታል።

የሻይ ክፍሉን ውሃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወ። ሙሽራው እዚያ ሻይ ይጠጣል፤ ማን ያውቃል? ውሃውን ከቤቱ ሊወስድ ቆረጠ። ሚስቱ ጎረቤት በሄደችበት አፍልቶ አቀዘቀዘው፤ መያዣ ፈለገ፤ መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አንድ ባዶ ጠርሙስ አገኘ። ወፍራም፣ ደህና ክዳን ያለው፣ ኮት ውስጥ የሚገባ። አንዴ አለቀለቀው፤ ሞላው፤ ደበቀው። በማግስቱ የድሮውን ውሃ ደፍቶ የራሱን ጨመረ። ጠርሙሱንም ከወንበሩ ሥር ወሸቀው። ከዚያ በኋላ በየማታው ቤት ወስዶ እየሞላ ይመልሰዋል። ማንም እንዳያየው ግራና ቀኝ እያየ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ያየው ሰው፣ ሰውየው ሊሰርቅ ነው እንጂ ሊሞላ ነው አይልም።

ነገሩ ግን ባሰ። በፊት ፀሐይ ስትመጣ ብቻ የነበረው ወተት አሁን በደመናም አልለቅ አለ። መጥረጊያው ያለፈበት ሁሉ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ጥሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙሽራው ራሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ መስታወት ቅባት የጠጣች መሰለኝ። ትናንት በጨርቅ ስታገላት አመሸሁ።»

«ታገልካት?»

«እጄ እስኪዝል።»

ጠርጥሬ በሆዱ «ራሱ ቀብቶ ራሱ ሊጠቁም!» አለ። በአፉ ግን «በርታ» ብሎት ሄደ።

አንድ ጠዋት ታካሚዎቹን ጭኖ ሲመለስ፣ ከዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ አንድ የእጅ ጋሪ ድንገት ተወለደ። ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ጮኸ፤ ጋሪ ገፊው ብርቱካኖቹን በትኖ ዘለለ፤ ሰው አልተነካም። ከኋላ አንዲት አንድ ዓይናቸው የታሰረ እናት ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣

«ልጄ፣ ፋሻ ያሰርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ?» አሉ።

መኪናው በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሊስቅ ፈለገ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም። ወርዶ ብርቱካን ለቀመ። አንዷን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ከአጠገቧ ያለውን አፈር ጨበጠ። እዚያ አጎንብሶ ሳለ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችል ነበር፤ አንዱን ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ በሌላው ማየት። ለታካሚዎቹ ሲሆን እንዲያ ሲደረግ ዘወትር ያያል። እጁም እስከ ጉንጩ ድረስ ሄዳለች። መለሳት። ዓለምን ሁሉ በጥያቄ የሚያፋጥጥ ሰው ያቺን አንዲት ጥያቄ ፈራት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ክዳን ዘግታ፣ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀችው። እጇን ካጣጠፈች ነገር አለ።

«እስቲ ና፤ ጠጋ በል» አለች። ጠጋ አለ። አንገቱ ሥር አሸተተችው። «የማንን ፀጉር ነው የምታጥበው?»

«ምን?»

«የጥፍር ቀለሜ ጎድሏል። መርፌዬ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ኮትህ የኔን የፀጉር ማለስለሻ ኮንዲሽነር ይሸታል። ጥፍሯን የምትቀባ፣ ፀጉሯን የምታለሰልስ፣ ባለ መርፌ ሴት አለች ማለት ነው።»

ጠርጥሬ ዕድሜውን ሙሉ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም።

«አለች» አለ በመጨረሻ። «ነጭ ናት። ጎማ አላት።»

ሚስቱ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። እሱም ክሩን፣ ቀዩን መስመር፣ የሙሽራውን አንቱታ፣ ከቤት የሚወስደውን ውሃ፣ ሁሉንም ዘረገፈላት። ኮቱን ከፍቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ሴትዮዋ ጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያ ባሏን አየችው።

«የመስታወት ውሃህን በዚህ ነው የምትወስደው?»

«አለቅልቄዋለሁ እኮ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ተለቅልቆ የሚሄድ ነገር ነው? ፀጉር ላይ እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ቅባት ነው!» ከጠርሙሱ ጥቂት ውሃ በጣቷ ጠቅሳ የመስኮቱን መስታወት ቀባችው፤ በጨርቅ ስትጠርገው ያ ቀስተ ደመና ተጋደመ። «ይኸው ጠላትህ። ያሳደድከው ሰው ከመታጠቢያ ቤታችን ነው የወጣው።»

ጠርጥሬ ቀስተ ደመናውን አፍጥጦ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ላይ የበራው ብርሃን የተሳሳተ ሰው ብርሃን አልነበረም። ሚስቱን በትከሻዋ ይዞ አወዛወዛት።

«ዓይኔ አይደለም!» አለ። «እልል በይ፤ ዓይኔ አይደለም!»

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ምንም! ምንም አልሆነም አልኩሽ እኮ።»

እሷ ግን እልል አላለችም፤ ጠርሙሱን አንስታ ወደ ቆሻሻው ሄደች።

በማግስቱ የምርመራው ቀን ነበር። ጠርጥሬ ቁርስ ሳይቀምስ፣ አንድ ጠርሙስ አቼቶና አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ግቢ ገባ። ውሃ መያዣዋን ፈትቶ አወጣ፤ ቅባታሙን ውሃ ደፋ። ፓምፗን ከጎኗ ነቀለ፤ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ ሙቅ ውሃና አቼቶ ቀላቅሎ ናጣት፤ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ አለቀለቃት። ቱቦውን አፉ ውስጥ ከቶ ነፋው፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሳሙና አረፋ የመሰለ ዝልግልግ ተፈናጥሮ ወጣና ከአንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ላይ አረፈ።

ለምርመራው ማልዶ የመጣው ሙሽራው ነበር። ጫማውን አየ፤ ሰውየውን አየ፤ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

«ምን ላግዝዎት?»

ጠርጥሬ በአገጩ ወደ መስታወቱ ግርጌ ጠቆመው። «የመርጫዎቹን ዓይን ኮርኩር። መርፌው እዚያ ነው። ጠልቆ እንዳይገባ።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ፊቱን ከሞተሩ ሳያነሳ፣ «አንቱታው ግን ምንድን ነው?» አለ።

«እናቴ ናት። ሰሞኑን ተሳፍራ ሳለ አንተ ስልዎት ሰምታ፣ ‹ይሄን የሚያህል ሰው?› ብላ ቤት ስንገባ ጆሮዬን ልትነቅለው ነበር። ምን መሰለዎት ታዲያ?»

«እኔ ምንም አልመሰለኝም» አለ ጠርጥሬ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

መጥረጊያዎቹን ጎማቸውን በአቼቶ አጠቡ፤ መስታወቷን ከውጭም ከውስጥም በጋዜጣ አሹ። ንጹህ ውሃ ሞልተው ክዳኑን ገጠሙ። ሙሽራው ገብቶ ተጫነ። ውሃው ሁለት ቅስት ሠርቶ ተነሳ፤ መጥረጊያዎቹ አለፉ፤ ሙሽራው ከውስጥ ሆኖ ጣቱን ወደ ፊት ሰደደና መስታወቱ ሲያስቆመው ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ያለች አልመሰለችኝም እኮ! አየር ናት!»

ጥበቃው መጥቶ አየ፤ «አየር ናት» አለ። የጽዳት ሴቶቹም ባልዲያቸውን አስቀምጠው አዩ። ታካሚዎች እየተደገፉ መሳፈር ጀምረው ነበር። ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ወጥታ ፊት ለፊት ቆማለች። ጠርጥሬ እጁን ጠራርጎ፣ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ፣ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ወተቱ እዚያው ነበረ።

ዝቅ ያለ፣ የለዘበ፣ ግን እዚያው። ቅባቱ ሄዷል፤ ቀስተ ደመናው ሄዷል፤ ከእነሱ ሥር ከመጀመሪያው የነበረው ነጭ ጭጋግ ግን ብርሃኑን ይዞ ተቀምጧል። በክንዱ ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገ። ሁሉም ሰው ከውጭ በዚያች አየር በሆነች መስታወት ውስጥ ያየዋል።

እጁ ይህን ጊዜ አልተመለሰችም። ቀኝ ዓይኑን ከደነ። ግቢው ጠፋ፤ በሩም፣ ጥበቃውም፣ የተሰቀለው ኮትም በአንድ የሞቀ ትንፋሽ ውስጥ ሟሙ። እጁን አዛውሮ ግራውን ከደነ። ሁሉም ተመለሱ፤ ኮቱ ላይ ያሉት ቁልፎች ሳይቀሩ።

ከጀርባው ሰዎቹ እየተጨዋወቱ ይቀመጣሉ። በቀኝ ዓይኑ መንዳት እንደሚችል አወቀ፤ ሲነዳ ነው የከረመው። ሰሌዳውን በቃሉ እንደሚወጣው አወቀ። አንዳቸውም እንደማይጠረጥሩትም አወቀ። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት የከበደችው። የሰው ፊት ሲመረምር የኖረ ሰው፣ በማይመረምሩት ሰዎች መሃል ተቀምጦ አፈረ።

ወረደ። ቁልፉን ለሙሽራው ዘረጋ።

«አንተ አድርሳቸው።»

«ምርመራው ገና ነው፤ ደርሰው ይመለሳሉ እኮ...»

«አድርሳቸው አልኩህ። ጠዋት ፀሐይዋ ድልድዩ ላይ ትመታሃለች፤ ቀስ በል። እና...» ጣቱን ቀሰረበት፤ «ከሻይ ክፍሉ የፈላውን ውሃ እንጂ የቧንቧውን እንዳትሞላባት። ምልክት አለኝ።»

የመመርመሪያዋ ክፍል ነርስ እንደ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። መጠቆሚያ ዘንጓን ይዛ ሰሌዳው ጋ ቆመች፤ ማንኪያ የሚመስል ጥቁር የዓይን መከለያ ሰጥታ ቀኝ ዓይኑን አስከደነችው።

«ጋሼ፣ ይቺ ወዴት ዞራለች?»

«ሲስተር፣ አትድከሚ። ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ ነው። በቃሌ ነው የማውቀው። በማየት ከሆነ ግን ግድግዳውም አይታየኝም።»

ነርሷ ዘንጓን ዝቅ አደረገች። ከዚያ አስቀምጣ፣ ጠብታ ጨምራ፣ በመብራት አየችው። ትንፋሿ ጉንጩ ላይ ይሰማው ነበር።

«ሞራ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? የመሣሪያሽን መስታወት መቼ ጠረግሽው?»

«ጠዋት ጠርጌዋለሁ።»

«በምን?»

«ጋሼ!»

«እሺ። ማን ነው የሚገፍፈው?»

«ዶክተሩ ናቸዋ።»

«ሲገፍፉልኝ ተኝቼ ነው ነቅቼ?»

«ነቅተው።»

«ጥሩ፤ የሚያደርጉትን አየዋለሁ።»

«በየትኛው ዓይንዎ?» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ «ቁልፉን ይመልሱልኛል?» ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። እሷም አላባበለችውም። «ደህና ካዩ ይመለሳሉ፤ ካላዩ ግን አልዋሽዎትም» አለችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቃል ሳይገለብጥ እንዳለ ተቀበለ።

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ጠብታው ብርሃኑን ስላበዛበት የኮቱን ኮሌታ አንስቶ በጥላ ጥላ ነው የሄደው። መንገዱን በእግሩ ሲያውቀው ሌላ መንገድ ሆነበት፤ የእግረኛው ጠርዝ የት ላይ እንደተሰበረ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ ከየት ጀምሮ እንደሚመጣ። መኪና ሲያልፈው ቆም እያለ አሳለፈ።

ሚስቱ በሩን ከፈተች። በዚህ ሰዓት መምጣቱን አየች፤ እጁ ላይ ቁልፍ አለመኖሩንም አየች። ሾርባውን ልታሞቅ ዞረች።

«ቁልፉን ሰጠሁት» አለ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ።

«ለሙሽራው?»

«ለሙሽራው። ዓይኔ ነው። ግራው።»

«አውቃለሁ።»

ጠርጥሬ አንገቱን ቀና አደረገ። «ታውቂያለሽ? ማን ነገረሽ? ሲስተር ደወለች?»

«ማንም አልደወለም። ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ታፈሳለህ። በግራህ በኩል የቆመ ሰው ካልተናገረ ሰላም አትለውም። ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ቀኝህ ያዞርኳቸው ለጌጥ መሰለህ?»

ቤቱን ዞር ብሎ አየው። እውነት ነው፤ በግራው በኩል የሚያደናቅፍ ነገር አንድም የለም። ይህን ያህል ጊዜ ሲኖርበት፣ ክር የሚያጣብቀው፣ መስመር የሚያሰምረው ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ዕቃ መዘዋወሩን አላየም።

«ለምንድን ነው ታዲያ ያልነገርሽኝ?» አለ፤ ቁጣም ልመናም ባለበት ድምፅ።

ሚስቱ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዳቦውን ቆርሳ በቀኙ በኩል አኖረችለት።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

የሾርባው እንፋሎት በመካከላቸው ይወጣ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ እንዳልዞረ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ኮቱን አውልቆ፣ ወንበሩን በእጁ ዳስሶ፣ ስቦ ተቀመጠ። ምን እንዳለበት ሳይጠይቅ ማንኪያውን አነሳና መብላት ጀመረ።